ሳይመዘገቡ ሳንካን መንገር፦ የአንድ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ንድፍ

ከአንድ ትንሽ ምሳሌ እንነሣ። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የክፍሏን ተማሪዎች ስም በሠንጠረዥ መልክ ለማተም በነፃ የሚሠራጭ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ተጠቀመች እንበል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ስም 20 ባይት በሚይዝ ዓምድ ውስጥ ያሳርፋል፤ ከዚያ የተረፈውን ይቆርጣል። “ከበደ” እና “አልማዝ” የሚሉት ስሞች በደኅና ታተሙ። “ወልደገብርኤል” ላይ ሲደርስ ግን “ወልደገብር” ብሎ ካተመ በኋላ ትርጉም የሌለው ምልክት አስከተለ።

ምክንያቱን ማወቅ አያስቸግርም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። “ወልደገብርኤል” 8 ፊደላት ስላሉት 24 ባይት ነው። 20ኛው ባይት ላይ ሲቆረጥ የመጀመሪያዎቹ 6 ፊደላት 18 ባይት ይይዛሉ፤ የቀሩት 2 ባይቶች የ“ኤ” ሁለት ሦስተኛ ብቻ ናቸው። ሁለት ሦስተኛ ፊደል ደግሞ ፊደል አይደለም። የእንግሊዝኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ 1 ባይት በመሆኑ የትም ቢቆረጥ አይሰበርም። ስለዚህ የፕሮግራሙ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ ስሞች ሺህ ጊዜ ቢፈትነው እንኳ ይህን ጉድለት ሊያየው አይችልም።

ተማሪዋ ያየችውን ለጸሐፊው ልትነግር ወደ ፕሮግራሙ ድረ ገጽ ሄደች። ገጹ አስቀድማ እንድትመዘገብ አዘዛት፤ ስም፣ ኢ-ሜይልና የይለፍ ቃል ጠየቃት። ቀጥሎ የተጣመሙ ፊደላት ያሉበት ሥዕል አቅርቦ አንብባ እንድትጽፍ አደረጋት። የማረጋገጫው መልእክት በኢ-ሜይል እስኪደርስ ስትጠብቅ የኮምፒዩተር ክፍሉ የተፈቀደላት ሰዓት አለቀ። ስሙን በእጇ አሳጥራ አተመችና ወደ ሌላ ሥራዋ ሄደች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጎዳው ማን ነው? ተማሪዋ ያጣችው ግማሽ ሰዓት ነው። ጸሐፊው ግን ያጣው በሌላ መንገድ ሊያገኘው የማይችለውን እውቀት ነው። በግዕዝ ፊደል ብቻ የሚታይ ሳንካ በግዕዝ የሚጽፍ ሰው ካልነገረ ማንም አይነግርም። ከእርሷ በኋላ ስማቸው የሚቆረጥባቸው ሁሉ የዚያ ዝምታ ዕዳ ከፋዮች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ “ሳንካ” የምንለው በፕሮግራም ውስጥ የሚገኝን፣ ፕሮግራሙ ከታሰበለት ውጭ እንዲሠራ የሚያደርገውን ጉድለት ነው። ዓላማችን ከትእዛዝ መስመር ላይ ሆኖ፣ ማለትም በተርሚናል ትእዛዝ በመጻፍ፣ ያለ አንዳች ምዝገባ ሳንካ የሚነገርበት መሣሪያ እንዴት እንደሚነደፍ ደረጃ በደረጃ መመልከት ነው። መሣሪያውን ለምሳሌ ያህል “ንገር” ብለን እንጥራው።

1. የምዝገባው በር የሚሠራቸው ሦስት ሥራዎች

ምዝገባ ዝም ብሎ የተፈጠረ ልማድ አይደለም። የሚሠራው ሥራ አለው፤ ያንን ሳይረዱ በሩን ማፍረስ ሌላ ችግር መጋበዝ ነው። በጥሞና ሲመረመር የሚከተሉት ሦስት ሥራዎች በአንድ በር ተጠቅልለው ይገኛሉ።

አንደኛ፣ የመመለሻ መንገድ ይሰጣል። ጸሐፊው “የትኛውን እትም ነው የተጠቀምሽው?” ብሎ ለመጠየቅ አድራሻ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ባለቤትነትን ያረጋግጣል። ሪፖርቱን ያቀረበው ሰው ብቻ ሊያርመው፣ ሊያክልበት ወይም ሊያነሣው ይገባል።

ሦስተኛ፣ አይፈለጌ መልእክትን ይከላከላል። ማንም በነፃ የሚጽፍበት ሣጥን ብዙም ሳይቆይ በማስታወቂያ ይሞላል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። ሦስቱ ሥራዎች የግድ አብረው መሄድ የለባቸውም። ቢነጣጠሉ ለእያንዳንዳቸው ከምዝገባ የቀለለ መፍትሔ ይገኛል፤ ሲነጣጠሉም ሸክሙ ከሳንካ ነጋሪው ወርዶ በመሣሪያውና በሰርቨሩ ትከሻ ላይ ያርፋል።

2. የተፈተነ ልምድ፦ የዴቢያን አሠራር

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት የሳንካ መከታተያ በኢያን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረ ሲሆን፣ ሪፖርት የሚቀበለው በኢ-ሜይል ነው። መለያ መክፈትም ሆነ የይለፍ ቃል ማውጣት አያስፈልግም። መልእክቱ እንደደረሰ ሰርቨሩ ለሪፖርቱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለዚያ ቁጥር ብቻ የሆነ የኢ-ሜይል አድራሻም ይከፈታል። ወደዚያ አድራሻ የተጻፈ ሁሉ ከሪፖርቱ ሥር ይታከላል። ሳንካው ሲታረም “ተፈጽሟል” የሚል ትርጉም ያለው ቃል ወደ ተጨመረበት የቁጥሩ አድራሻ ይጻፋል፤ ሪፖርቱም ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የሪፖርቶቹ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ደርሷል።

ለዚሁ አሠራር የሚያገለግለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ሪፖርትባግ ይባላል፤ የተጻፈውም በፓይተን ቋንቋ ነው። ተጠቃሚው ሳንካ ያየበትን የፕሮግራም ጥቅል ስም ሲጽፍ መሣሪያው የጥቅሉን እትም፣ ጥቅሉ የተደገፈባቸውን ሌሎች ጥቅሎችና የኮምፒዩተሩን የቋንቋ ቅንብር ራሱ ይሰበስባል። ቀደም ሲል በዚያ ጥቅል ላይ የቀረቡ ሪፖርቶችንም አምጥቶ ያሳያል፤ ተጠቃሚው የራሱን ችግር በዝርዝሩ ውስጥ ካገኘ አዲስ ሪፖርት መክፈት አያስፈልገውም። ከዚያ የሳንካውን ክብደት ይጠይቃል። በመጨረሻ ረቂቁን በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ ለተጠቃሚው ያሳየዋል፤ ሲፈቀድለትም ይልካል። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተምም ሴንድባግ የሚባል ተመሳሳይ መሣሪያ አለው።

ይህ አሠራር ዋጋ ያስከፍላል። በዴቢያን የነጋሪው ኢ-ሜይል አድራሻ ከሪፖርቱ ጋር ለሕዝብ ይታያል። በተጨማሪም ብዙ ኔትወርኮች አይፈለጌ መልእክትን ለመቀነስ ሲሉ ወጪ ኢ-ሜይል የሚያልፍበትን ፖርት 25 ይዘጋሉ፤ በእንዲህ ያለ ኔትወርክ ውስጥ ያለ ተማሪ ከራሱ ኮምፒዩተር በቀጥታ ኢ-ሜይል መላክ አይችልም። ሁሉም ፕሮጀክት በዚሁ መንገድ አልቀጠለም፤ ለምሳሌ ፍሪቢኤስዲ በትእዛዝ መስመር ይሠራበት የነበረውን አሮጌ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2014 ትቶ በመለያ ወደሚሠራው ባግዚላ ተሸጋግሯል። እኛ ከዴቢያን የምንወስደው መሠረታዊ ትምህርት ግን አንድ ነው፦ ያለ ምዝገባ ትልቅ ሥራ መሥራት ይቻላል። መላኪያውን ግን ድረ ገጾች በሚጠቀሙበትና በአብዛኛው ክፍት በሆነው የተመሰጠረ መስመር፣ በኤችቲቲፒኤስ፣ እናደርገዋለን።

3. ምን ይሰብሰብ? ምንስ ይተው?

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት በአፓቺ፣ በኢክሊፕስና በሞዚላ ፕሮጀክቶች የሚሠሩ ባለሙያዎችንና ሳንካ ነጋሪዎችን ጠይቆ 466 መልሶች ሰብስቦ ነበር። ባለሙያዎቹ እጅግ ይጠቅማሉ ያሏቸው ሳንካውን ደግሞ ለማየት የሚያስችሉ እርምጃዎች፣ የጥሪ ሰንሰለትና የመፈተኛ ምሳሌ ናቸው። የጥሪ ሰንሰለት ማለት ፕሮግራሙ በወደቀበት ቅጽበት የትኛው ተግባር የትኛውን ጠርቶ እንደነበር የሚያሳይ ዝርዝር ነው። የጥናቱ ትልቅ ግኝት ደግሞ እነዚሁ ሦስት ነገሮች ነጋሪዎች ለማቅረብ እጅግ የሚከብዷቸው መሆናቸው ነው።

ይህ የንድፋችንን አቅጣጫ ይወስናል። ማሽን ሊያውቀው የሚችለውን ሰው አይጠየቅ። የፕሮግራሙን እትም፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ዓይነት፣ የቋንቋ ቅንብሩንና የጥሪ ሰንሰለቱን መሣሪያው ራሱ ያምጣ። ለሰው የሚቀሩት ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ይሁኑ፦ ምን አደረግህ? ምን ጠበቅህ? ምን ሆነ? የተማሪዋ ሪፖርት በዚህ መሠረት የሚከተለውን ይመስላል።

ፕሮግራም፦ ስም ዝርዝር፣ እትም 1.4
ኦፕሬቲንግ ሲስተም፦ ሊኑክስ፣ 64 ቢት
የቋንቋ ቅንብር፦ አማርኛ፣ ዩቲኤፍ-8
ያደረግሁት፦ “ወልደገብርኤል” የሚል አንድ መስመር ብቻ ያለው ፋይል ሰጠሁት።
የጠበቅሁት፦ ስሙ እንዳለ፣ ወይም ፊደል ሳይሰበር ተቆርጦ እንዲታተም።
የሆነው፦ ከ6ኛው ፊደል በኋላ የተበላሸ ምልክት ታተመ።
የመመለሻ አድራሻ፦ አልተሰጠም።

ይህን ያህል አጭር ሪፖርት ለጸሐፊው በቂ ነው። በተለይ “አንድ መስመር ብቻ ያለው ፋይል” የሚለው ቃል ዋጋው ትልቅ ነው፤ ሳንካውን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ማየት ያስችላልና።

ስለ መሰብሰብ ስንናገር ስለ መተውም መናገር ግድ ይላል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስረክባቸው ቅንብሮች ውስጥ የይለፍ ቃሎች ሊኖሩ ይችላሉ። የፋይል አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ የተጠቃሚውን ስም ይይዛል። ቀደም ሲል የተጻፉ ትእዛዞች ዝርዝርም የግል ጉዳይ ነው። “ሁሉንም ሰብስበን ምስጢር የሚመስለውን እንሰርዝ” የሚለው ዘዴ አያስተማምንም፤ ምስጢር ምን እንደሚመስል ሁልጊዜ አስቀድሞ አይታወቅምና። የተሻለው ሕግ ተቃራኒው ነው፦ የሚሰበሰቡት ነገሮች በስም ተዘርዝረው ይወሰኑ፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ምንም አይነካ። የሚላከው ጽሑፍም ከመላኩ በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ለባለቤቱ ይታይ፤ ባለቤቱ ያላየው አንድም መስመር አይውጣ።

4. መጀመሪያ መጻፍ፣ ቀጥሎ መላክ

ብዙ መሣሪያዎች መስመር መኖሩን እንደ ቀላል ነገር ይወስዱታል። “ንገር” ግን መስመር የለም ብሎ ይጀምር። ሪፖርቱ በመጀመሪያ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ እንደ ተራ የጽሑፍ ፋይል “ወጪ” በሚባል ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። መብራት ቢጠፋ ወይም መስመር ቢቋረጥ የተጻፈው አይጠፋም።

መላክ ሳይሳካ ሲቀር መሣሪያው በየሴኮንዱ ሰርቨሩን ማንኳኳት የለበትም። የጥበቃውን ጊዜ በየጊዜው እጥፍ እያደረገ፣ ማለትም 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ደቂቃ እየጠበቀ ይሞክር። በእያንዳንዱ ጥበቃ ላይም ጥቂት የዘፈቀደ ሴኮንዶች ይጨምር፤ ይህም መስመር ሲመለስ ብዙ ኮምፒዩተሮች በአንድ ቅጽበት እንዳይረባረቡ ያደርጋል።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ችግር አለ። ሪፖርቱ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ “ተቀብያለሁ” የሚለው መልስ በመንገድ ላይ ቢጠፋስ? መሣሪያው አልደረሰም ብሎ ደግሞ ይልካል፤ አንድ ሳንካም ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። መፍትሔው መሣሪያው ራሱ ሪፖርቱን ሲፈጥር አንድ የዘፈቀደ ቁጥር እንዲሰጠው ማድረግ ነው። ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ለሁለተኛ ጊዜ ሲያይ አዲስ መዝገብ አይከፍትም፤ የቀድሞውን መልስ ብቻ ደግሞ ይልካል። እንዲህ ሲሆን አሥር ጊዜ መላክና አንድ ጊዜ መላክ ውጤታቸው አንድ ይሆናል።

5. በመታወቂያ ፈንታ ደረሰኝ

ሰዓት ለማሠራት የሄደ ሰው መታወቂያ አይጠየቅም። ሰዓት ሠሪው ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ተመልሶ ያንን ያሳየ ሰዓቱን ይወስዳል። ደረሰኙ የሚያረጋግጠው ሰውየው ማን እንደሆነ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ላይ መብት እንዳለው ብቻ ነው። ለእኛም የሚያስፈልገን ይኸው ነው።

ሰርቨሩ ሪፖርቱን ሲቀበል ሁለት ነገሮች ይመልሳል። አንደኛው ለሁሉም የሚታይ ተራ ቁጥር፣ ለምሳሌ 417፣ ነው። ሁለተኛው በነጋሪው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚቀመጥ ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ቁልፉን የያዘ ሰው የጸሐፊውን ጥያቄ ያነባል፣ መልስ ያክላል፣ ሪፖርቱንም ያነሣል። ተማሪዋ በሚቀጥለው ሳምንት “ንገር ሁኔታ 417” ብላ ስትጽፍ መሣሪያው ቁልፉን ከፋይሉ አውጥቶ መልሱን ያመጣላታል። ኢ-ሜይል መስጠት የግድ አይሆንም ማለት ነው።

ቁልፉ በግምት እንዳይገኝ ምን ያህል ትልቅ መሆን አለበት? ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከሚያመነጨው የዘፈቀደ ምንጭ 128 ቢት እንውሰድ። የሚቻሉት ቁልፎች ብዛት 2¹²⁸፣ ማለትም 3.4 × 10³⁸ ገደማ ነው። በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ግምት የሚሞክር ሰው ግማሾቹን ለመሞከር 5 × 10²¹ ዓመታት ያህል ይፈጅበታል። ሰርቨሩም ቁልፉን እንዳለ አያስቀምጠውም፤ የሚያስቀምጠው ሐሹን ብቻ ነው። ሐሽ ማለት ማንኛውንም ጽሑፍ ቋሚ ርዝመት ወዳለው ቁጥር የሚለውጥ፣ ነገር ግን ከቁጥሩ ተነሥቶ ወደ ጽሑፉ ለመመለስ የማያስችል ቀመር ነው። የሰርቨሩ መዝገብ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ቁልፎቹን አያገኝም።

ቁልፉን በወረቀት ለመጻፍ ወይም በስልክ ለመናገር ቢያስፈልግስ? 32 ምልክቶች ብንጠቀም እያንዳንዱ ምልክት 5 ቢት ስለሚይዝ 26 ምልክቶች ያስፈልጋሉ። የእኛ ፊደል ግን ምልክቱ ብዙ ነው። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ቤት 231 ይሆናሉ። ሲነበቡ እንዳያደናግሩ ሐ፣ ኀ፣ ኸ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ከነቤተሰቦቻቸው፣ እንዲሁም ሃ እና ኣን እናውጣ፤ 187 ይቀራሉ። ከእነዚህ ውስጥ 128ቱን ብንመርጥ እያንዳንዱ ፊደል 7 ቢት ይይዛል፤ ስለዚህ 19 ፊደላት ይበቃሉ። በባይት ሲቆጠር ግን 19 የግዕዝ ፊደላት 57 ባይት ሲሆኑ 26ቱ የላቲን ምልክቶች 26 ባይት ብቻ ናቸው። ለዓይን ያጠረው ለማሽኑ ረዘመ። ፊደል መቁጠርና ባይት መቁጠር የተለያዩ መሆናቸውን የተማሪዋ ሳንካ አስቀድሞ አስተምሮናል።

6. አይፈለጌ መልእክትን መመከት

ከሦስቱ ሥራዎች ከባዱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሲንቲያ ድዎርክና ሞኒ ናኦር የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ መልእክት የሚልክ ኮምፒዩተር አስቀድሞ ትንሽ የስሌት ሥራ ይሥራ። እ.ኤ.አ. በ1997 አዳም ባክ ይህንኑ መንገድ የሚከተል ሐሽካሽ የተባለ ሥርዓት አቀረበ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው በሪፖርቱ ጫፍ ላይ አንድ ቁጥር እየቀያየረ ይጨምርና የጠቅላላውን ሐሽ ያሰላል። የሐሹ የመጀመሪያ 20 ቢቶች ሁሉም ዜሮ እስኪሆኑ ድረስ ይደጋግማል። እያንዳንዱ ቢት ዜሮ የመሆን ዕድሉ ግማሽ ስለሆነ በአማካይ 2²⁰፣ ማለትም 1,048,576 ሙከራ ያስፈልጋል። በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ሙከራ ለሚያደርግ ኮምፒዩተር ይህ የአንድ ሴኮንድ ያህል ሥራ ነው። ሰርቨሩ ግን ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው በአንድ ስሌት ብቻ ነው። አንድ ሪፖርት ለሚልክ ሰው አንድ ሴኮንድ ምንም አይደለም፤ 100,000 ሐሰተኛ ሪፖርት ለሚልክ ግን ከ27 ሰዓት በላይ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ዘዴ ፍጹም አድርጎ ማየት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2004 ቤን ሎሪና ሪቻርድ ክሌይተን ለኢ-ሜይል ሲሆን ብቻውን እንደማይበቃ አሳይተዋል። የሌሎችን ኮምፒዩተሮች በቫይረስ የተቆጣጠረ ሰው የስሌቱን ዋጋ ከራሱ አይከፍልም። ከዚህም በላይ ሸክሙ እኩል አይደለም፤ በአዲስ ኮምፒዩተር አንድ ሴኮንድ የሚፈጀው በአሮጌ ማሽን አሥር ሴኮንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሌቱ ትንሽ ይሁን፤ ከሌሎች ሁለት ዘዴዎች ጋርም ይጣመር።

አንደኛው ገደብ ነው። ሰርቨሩ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በሰዓት የሚቀበላቸውን ሪፖርቶች ይወስናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ዩኒቨርሲቲ በሙሉ በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ሊወጣ ይችላል፤ “በሰዓት ሁለት ብቻ” የሚል ገደብ አንድን ግለሰብ ሳይሆን ሺህ ተማሪዎችን ዝም ያሰኛል። ስለዚህ ገደቡ ሲደርስ ሰርቨሩ በሩን አይዝጋ፤ የስሌቱን መጠን ከፍ ያድርግ እንጂ። ከ20 ቢት ወደ 22 ቢት ማሳደግ ሥራውን በአራት እጥፍ ያበዛዋል።

ሁለተኛውና ዋናው ዘዴ ሪፖርቱ ሰው ሳያየው ለሕዝብ አለመታየቱ ነው። አብዛኛው አይፈለጌ መልእክት ላኪ የሚፈልገው ማስታወቂያው እንዲነበብለት ነው። የጻፈው ነገር በአንባቢ ፊት የማይወጣ ከሆነ ትርፉ ይጠፋል፤ ትርፍ የሌለው ሥራም ብዙ ተከታይ የለውም።

7. በተቀባዩ ዘንድ

በር ሲከፈት ተመሳሳይ ሪፖርቶች ይበዛሉ። አንድ ሳንካ መቶ ሰው ሊነግረው ይችላል። ፕሮግራሙ ወድቆ ከሆነ የጥሪ ሰንሰለቱን የላይኛዎቹ ጥቂት ተግባራት ስም ወስዶ ሐሻቸውን በማስላት ለሳንካው እንደ አሻራ ያለ ምልክት መስጠት ይቻላል። አሻራቸው አንድ የሆኑ ሪፖርቶች በአንድ ቅርጫት ይገባሉ፤ ጸሐፊውም ከሞላው ቅርጫት ይጀምራል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ የዘረጋው የስህተት መቀበያ ሪፖርቶችን በቅርጫት በመመደብ የሚሠራ ሲሆን፣ የአሥር ዓመት ልምዱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። የተማሪዋ ሳንካ ግን ፕሮግራሙን ስለማይጥለው አሻራ የለውም፤ እንዲህ ያለውን የሚለየው ሰው ብቻ ነው።

ሌላው ጉዳይ ደኅንነት ነው። ካልታወቀ ሰው የመጣ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ባዕድ ነገር ይያዝ። መጠኑ ይገደብ። ለተርሚናል ትእዛዝ የሚሆኑ ስውር ምልክቶች ጽሑፉ ውስጥ ቢገኙ ከመታየታቸው በፊት ይምከኑ፤ ካልሆነ ጸሐፊው ሪፖርቱን ሲያነብ ስክሪኑ ያልነበረ ነገር ሊያሳየው ይችላል። እንዲሁም ሌቦች ሊገቡበት የሚችሉትን ቀዳዳ የሚጠቁም ሪፖርት እስኪታረም ድረስ ከሕዝብ ዓይን ይሰወር፤ መሣሪያውም ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ።

8. የማይሟላው ነገር

ምዝገባን የተወ ንድፍ የሚያጣውን ነገር መደበቅ አይገባም። ነጋሪው አድራሻ ካልሰጠና ተመልሶ ሁኔታውን ካልጠየቀ የጸሐፊው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ቁልፉ የጠፋበትም የሚያስመልስበት መንገድ የለውም፤ ማንነቱን የሚያውቅ የለምና። ጉዳቱ ግን ውሱን ነው። የጠፋው የአንድ ሪፖርት ቁልፍ ነው፤ ሌላ ሪፖርት መጻፍ ይቻላል።

እንዲሁም “ያለ መለያ” ማለትና “ፈጽሞ የማይታወቅ” ማለት አንድ አይደሉም። ሰርቨሩ የላኪውን የኢንተርኔት አድራሻ ያያል። ለገደቡ ሥራ ለጥቂት ጊዜ ሊይዘው ይችል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሊያጠፋው ይገባል። ይህንንም መሣሪያው በግልጽ ቋንቋ መናገር አለበት። ሰውን ያላስመዘገበ መሣሪያ በስውር ቢመዘግበው ከምዝገባው የከፋ ይሆናል።

መደምደሚያ

አሁን ወደ ተማሪዋ እንመለስ። የተሰበረውን ፊደል ባየች ጊዜ “ንገር አዲስ” ብላ ትጽፋለች። መሣሪያው ማወቅ የሚችለውን ራሱ ይሞላል፤ እርሷ ሦስቱን ጥያቄዎች ትመልሳለች፤ ጽሑፉን አይታ ትፈቅዳለች። መስመር ባይኖር ሪፖርቱ “ወጪ” ውስጥ ይቆያል፤ በራሷ ኮምፒዩተር የምትሠራ ከሆነ መስመር ሲመለስ ራሱ ይሄዳል፤ በክፍሉ ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ ፋይሉን በፍላሽ ይዛ ወጥታ ሌላ ቦታ ትልከዋለች። የሚፈጅባት አምስት ደቂቃ ነው። ጸሐፊውም ባይት መቁጠሩን ትቶ ፊደል መቁጠር ይጀምራል፤ የወልደገብርኤልም ስም ፊደሉ ሳይሰበር ይታተማል።

በንድፍ ሥራ የሚጠየቀው ትልቅ ጥያቄ “ተጠቃሚው ማን ነው?” የሚል ብቻ አይደለም። “ከዚህ ሰው የምንፈልገው ምንድን ነው? ያንን ለማግኘት ሌላ ምን እየጠየቅነው ነው?” የሚለውም መታከል አለበት። ከሳንካ ነጋሪ የምንፈልገው ያየውን እንዲነግረን ነው። ከዚያ በላይ የምንጠይቀው ሁሉ ምክንያቱ ይመርመር።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ) “ገብረመድኅን” የሚለው ስም በዩቲኤፍ-8 ስንት ባይት ይወስዳል? በ20 ባይት ሲቆረጥ የትኛው ፊደል ይሰበራል?

ለ) ሰርቨሩ አንድ ሚሊዮን የሚሠሩ ቁልፎች ቢኖሩትና ሌባው ከእነርሱ አንዱን ብቻ ለማግኘት ቢፈልግ፣ በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ግምት እየሞከረ በአማካይ ስንት ዓመት ይፈጅበታል? 128 ቢት አሁንም ይበቃል?

ሐ) የስሌቱ መጠን ከ20 ቢት ወደ 24 ቢት ቢያድግ በሴኮንድ 100,000 ሙከራ በሚያደርግ አሮጌ ኮምፒዩተር አንድ ሪፖርት ለመላክ ስንት ሴኮንድ ያስፈልጋል? ይህ ተገቢ ይመስላችኋል?

መ) የምትጠቀሙበትን አንድ ፕሮግራም መርጣችሁ በግዕዝ ፊደል ፈትኑት። ያገኛችሁትን በሦስቱ ጥያቄዎች መሠረት ጻፉና ለጸሐፊው ላኩለት።